ሴት ዶክተር የነዳቻት መኪና

ይድረስ ለምወድህና ለማከብርህ ታላቅ ወንድሜ፣ ለወንድም ጋሼ ሰርመድ፣ ባለህበት በዑማን፣ ሶሃር።

አሰላሙ ዐለይኩም። እንደምን ሰንብተሃል? ወገብህስ እንዴት ነው? ያ የክሬን ወንበር አሁንም ያሠቃይሃል ወይስ የላክሁልህ ቅባት ትንሽ አስታገሠልህ? ባለቤትህ ቢልቂስ የሌሊት ፈረቃ ገብተሃል ብላኛለች፤ እባክህ በባዶ ሆድህ ሻይ አታብዛ፤ ይህን የምልህ እንደ እህትም እንደ ሐኪምም ነው። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። የእማዬ ስኳር ካለበት አልባሰም። ልጅህ ሚሻል የፊት ጥርሶቿ ወልቀው ስትስቅ አሮጊት መስላለች፤ «አባዬ እንዲህ ሆኜ እንዳያየኝ» ብላ ስልክ ባነሳን ቁጥር አፏን በነጠላዋ ትሸፍናለች። ጤናህንና ሰላምህን አላህ ያብዛልህ፤ ናፍቀኸናል።

በዚህ ዘመን ደብዳቤ መጻፌ ይገርምህ ይሆናል። ባለፈው እሑድ በስልክ አንተ ጮህክ፣ እኔ አለቀስኩ፣ መስመሩም ተቋረጠ። በማግስቱ ትእዛዝህ በእማዬ በኩል ደረሰኝ፦ ከኢድ በፊት የቸክ ሰማንያ ስምንት መንደርን ጤና ጣቢያ ሥራ እንድለቅ፣ ለመኪና ያጠራቀምነውንም ለአጎታችን ለሪያሳት እንዳስረክብ። ወረቀት አይጮህብኝም፤ ጨርሼ እስክናገር ዝም ብሎ ይሰማኛል። ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ነውና እኔም ከሥሩ ልንገርህ። አንተ የሰማኸው ከመሃል ተቆርጦ ነው፤ ያውም ከጥፋተኛው አፍ።

ሥራውን ስጀምር ያስቀመጥክልኝን ቃል አልረሳሁም። «ሥሪ፣ ግን ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤትሽ ትገቢያለሽ» ነበር ያልከኝ። እኔንና የመንደሩን መምህራን ያመላልስ የነበረው ቫን ባለቤቱ ሸጦት ወደ ኳታር ከሄደ ወዲህ ያን ቃል በአውቶቡስ መጠበቅ አልተቻለም። መኪና ይገዛ ተባለ። የኔ ደመወዝ ደግሞ ያው እንደምታውቀው ነው፤ ቤንዚን የምትጠጣ መኪና ከገዛሁ ለማደያው ተቀጥሬ ሠራሁ ማለት ነው። ስለዚህ ነገሩ ግልጽ ነበር። በጥቂት ቤንዚን ሩቅ የምትሄድ መኪና ከተገኘች ሥራዬ ይቀጥላል፤ ካልተገኘች ቤቴ እቀመጣለሁ። ቸክ ላይ ያሉት ሴቶች ለወንድ ሐኪም ሆዳቸውን ከሚያሳዩ ቢሞቱ ይመርጣሉ፤ እኔ ከቀረሁ እነሱም ይቀራሉ። አንተም «አጎቴ ሪያሳት መኪና ያውቃል፣ እሱ ይምረጥልሽ» አልክ።

ያውቃል እንዴ! የአክስቴ ባል መሆኑን አከብራለሁ፤ የመኪና እውቀቱ ግን ጎማ በእግሩ መምታትና «እህም» ማለት ብቻ ነው። እሑድ እሑድ በሙልታን መንገድ ከሚቆመው የመኪና ገበያ ይዞኝ ሄደ። አቧራው፣ የተቃጠለው ዘይት ሽታ፣ የምራቁ ብዛት! ጠያቂዋ እኔ፣ መልሱ የሚሰጠው ለአጎቴ። ጥያቄው ደግሞ መቼም አንድ ነው፣ የወተት ጎሽ የምንገዛ ይመስል፦ «ስንት ትሰጣለች?» መልሱም አንድ ነው፦ «በሊትር ሃያ ኪሎ ሜትር፣ ወላሂ!» ትንሿም ሃያ፣ ትልቋም ሃያ፤ ጭሷ ገበያውን ያጨለመው አሮጌ ፒካፕ እንኳ ሃያ ትሰጣለች አሉ። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ማለት ይኸው ነው።

ከዚህ ሁሉ ያንገሸገሸኝ ግን ሌላ ነው። እዚያ ሜዳ ላይ የቆመው መኪና ሁሉ የሴት ዶክተር ነበር። አንዱ እጁን ደረቱ ላይ ለጥፎ «ከሆስፒታል ቤት፣ ከቤት ሆስፒታል፤ ሌላ መንገድ ታይታ አታውቅም። ዶክተሯ አራተኛ ማርሽ እንኳ አስገብታ አታውቅም!» አለ። እኔም «በሦስተኛ ማርሽ እየተጎተተች እንዴት ሃያ ሰጠች ታዲያ?» ብዬ ብጠይቀው ወደ አጎቴ ዞሮ «ልጅቷ ተናጋሪ ናት፣ ጌታዬ» አለው። ወንድም ጋሼ፣ ሴት ዶክተር እኮ እኔ ነኝ። አብረውኝ የተመረቁትን አውቃቸዋለሁ። ገሚሶቹ ከሠርጋቸው ማግስት የልብ ማዳመጫቸውን ሰቅለው ሩዝ ይለቅማሉ፤ የተረፍነው በባጃጅ ሪክሾ እየተንገጫገጭን ነው የምንሄደው። ይህን ሁሉ መኪና ማን ነዳው? አንዲት ሴት ቤቷ እንድትቀመጥ ሲለምኗት ኖረው መኪና ለመሸጥ ሲሆን ስሟን እንደ ቅቤ ይቀቡታል። ቱፍ!

በመጨረሻ አጎቴ ሺዳ ወደሚባል ደላላ ወሰደኝ። ሺዳ ፀጉሩን ዘይት አጠጥቶ የሚያበጥር፣ ሲናገር ትከሻ የሚነካ ሰው ነው፤ የኔን ሊነካ ሲቃጣው አንዴ አየሁትና እጁን ሰበሰበ። ያቀረበልን ብርማ ቀለም ያላት ከጃፓን የመጣች መኪና ነበረች። ቁልፉን ሲያዞር ከመሪው ጀርባ የጃፓን ፊደል ተግተለተለ፤ ከሥሩ አሥራ ሁለት የሚል ቁጥር በራ። ሺዳም «በዓይንሽ እዪ እህቴ፣ እኔ መማል አያስፈልገኝም፤ ራሷ ትናገራለች። በሊትር የምትሰጠው ይኸው ተጽፏል። አሁን ጧት ስለሆነ ሞተሩ አልነቃም፣ ትንሽ ስትሞቅ ታያታለሽ» አለኝ።

እኔ ልነዳት እፈልጋለሁ አልኩ። አባታችን፣ አላህ ይዘንለትና፣ መንዳት ያስተማረኝ ለጌጥ አይደለም። አጎቴ ከጎኔ፣ ሺዳ ከኋላ ሆነው በጭጋጉ ውስጥ ወጣን። ጭጋጉ ሲገፈፍ ቁጥሩ አሥራ ስድስት ሆነ፤ አጎቴ ጭኑን መታ። ፀሐይ ስትወጣ አሥራ ዘጠኝ ደረሰ፤ አጎቴ «ማሻአላህ! ስትሄድ ስትሄድ የምትሰጥ ናት» አለ። ከመንገድ ዳር ሻይ ቤት ቆመን ሻይ ጠጣን። ስንመለስ ቁልፉን አዞርኩ፣ ሞተሩን ገና አላስነሳሁም፤ ቁጥሩ ሃያ ስድስት ይላል። ቆማ እያለች ሰጠች! ቀረብ ብዬ ባይ ከቁጥሩ ጎን ትንሽ ክብና «ሲ» የምትባለዋ የፈረንጅ ፊደል አሉ። እኔ ያንን ምልክት በየቀኑ የሕፃናት ትኩሳት ስለካ አየዋለሁ። «ሺዳ፣ ይሄ የሙቀት መለኪያ ነው። የሚነግረን የአየሩን ሙቀት ነው» አልኩት። ሰውየው ዓይኑን አላሸም። «ኧረ የለም ዶክተርዬ! ‹ሲ› ማለት ‹ሲቲ› ማለት ነው፣ ከተማ ውስጥ የምትሰጠው» አለኝ። አጎቴ ደግሞ ምን ቢል ጥሩ ነው? «በከተማ ይህን ከሰጠች በአውራ ጎዳና ላይ ምን ልትሰጥ ነው!»

እዚያ መሪውን ይዤ ሳቄ መጣ፤ ወዲያው ግን ገባኝ። ሺዳ የሚዋሸው እያወቀ ነው፤ አጎቴም የሚያምነው እያወቀ ነው። መኪናዋን አልገዛም ብዬ ወረድኩ። አጎቴ እስከ ቤት ድረስ አኩርፎ አንድ ነገር ብቻ ተናገረ፦ «ዶክተር ስለሆንሽ ሁሉን የምታውቂ መስሎሻል።» ሺዳ ያኔ ስስቅ ከመኪናዋ በር ላይ ቆሞ ስልኩን ወደ እኔ አቅንቶ እንደነበር አይቻለሁ፤ የሚደውል ነበር የመሰለኝ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ ከሁሉ በኋላ የሰማሁት እኔ ነኝ። መጀመሪያ የጎረቤታችን ሚስት ጣፋጭ ይዛ መጣችና «ወደ ካናዳ ነው ወይስ ወደ እንግሊዝ?» ብላ እማዬን ጠየቀቻት። እማዬ ምኑም አልገባት። ማታ ቢልቂስ ስልኳን አሳየችኝ። እኔ፣ ብርማዋ መኪና ውስጥ፣ መሪ ጨብጬ፣ ሳቄ እንደመጣ! ከሥሩ «የሴት ዶክተር መኪና። በሊትር ሃያ ስድስት። ዶክተሯ ወደ ውጭ ስለምትሄድ በአስቸኳይ የሚሸጥ» ይላል። የአክስት የአጎት ልጆች ሁሉ ተቀባብለውታል። ገላዬን ታጥቤ እንኳ የሺዳ ዓይን ከላዬ የወረደ አልመሰለኝም። አጎቴን ሳነጋግረው «ምን አለበት፣ ሰው የሚያየው መኪናዋን ነው እንጂ አንቺን አይደለም» ብሎ ነገሩን አቃለለው። ይህን ቃሉን ያዝልኝ፤ ለአንተ ሲደውል የተናገረው ሌላ ነውና።

አንድ ቀን ጤና ጣቢያው ውስጥ የወረፋ ቁጥሩን ይዞ አንድ ሽማግሌ ገባ። የቸክ ሰማንያ ስድስት አስተማሪ ነው፤ ማስተር አላህ ዲታ ይባላል። ምንዎን ያመዎታል ስለው ቆቡን አውልቆ ጭኑ ላይ አስቀመጠና «እኔን አላመመኝም፣ ያመመችኝ መኪናዎ ናት» አለኝ። የትኛዋ መኪናዬ ስለው ፎቶውን አወጣ። ልጁን ኮሌጅ ለማመላለስ ያለውን ሁሉ አውጥቶ ገዝቷታል። «እኔ ደላላ አላምንም፣ ዶክተር። ግን የእርስዎን ፊት አየሁ። ለድሃ መድኃኒት የሚሰጡ ሴት ናቸው፣ አይዋሹም አልኩ። ብርዱ ሲያልፍ ቁጥሯ ሃያ ስምንት ደረሰ፤ ከሚስቴ ጋር ተደሰትን። ቤንዚኑ ግን የት እንደሚገባ እንጃ! ልጄ ከትናንት ወዲያ ጀምራ ቤት ውላለች» አለኝ። አልተቆጣም፤ ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም። ቢሰድበኝ በተሻለኝ። በኔ ፎቶ ተታልሎ፣ ይቅርታ የሚጠይቅ ይመስል እኔኑ «እርስዎ» እያለ ይለማመጠኛል።

በዚያው እሑድ ከማስተሩና ከባለቤቱ ጋር ብርማዋን ይዘን ገበያ ሄድን። አዎ፣ ሄጃለሁ፤ አልክድም። ሺዳ አንድ ገበሬ ይዞ በሌላ መኪና ዙሪያ ይሽከረከራል። «የሴት ዶክተር ናት፣ አባቴ፣ በእንባ ነው የተለየቻት» ሲል ደረስኩና «ዶክተሯ እኔ ነኝ። በል ንገራቸው፣ መቼ አለቀስኩ?» አልኩት። ሰው ተሰበሰበ። አንዱ ከኋላ «ይቺ ሴት ግን ስንት መኪና ነው ያላት?» ሲል ገበያው በሳቅ ፈረሰ። አጠገባችን የነበረው ሻጭ «የዶክተር መኪና» የሚለውን ካርቶን ከመስታወቱ ላይ ቀስ ብሎ ሲያነሳ አየሁት። አጎቴ ሪያሳት ደግሞ ከሺዳ ወንበር ላይ ተንደላቆ መንደሪን እየላጠ ነበር። ተነሥቶ «ቤት እንነጋገራለን፣ ወንዶች ፊት አታዋርጂን» አለኝ። ይሄኔ ሺዳ የተያዘ ሌባ ሆነና ጮኸ፦ «እኔን ብቻ ምን ትይኛለሽ? ግማሹ ያጎትሽ አይደለም እንዴ! ፎቶውንስ አንሣ ያለኝ ማን ሆነና!»

ወንድም ጋሼ፣ ይህን ስሰማ ወደ አጎቴ ዞርኩ። እሱ መንደሪኑን ወደ አፉ ወረወረ። የገበያው ሽማግሌዎች የማስተሩን ገንዘብ አስመለሱለት፤ ለፍትሕ ብለው እንዳይመስልህ፣ ገዢ እንዳይሸሽባቸው ነው።

እኔ ቤት ሳልደርስ አጎቴ ደውሎልህ ኖሯል። «እህትህ ወንዶች መሃል ቆማ ጮኸች፣ ፎቶዋም በየስልኩ ይዞራል» አለህ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ። አንተስ መጀመሪያ ምን ብለህ ጠየቅኸኝ? አታለሉሽ ወይ አላልክም። ማን አነሣሽ አላልክም። «ስንት ወንድ ነበር እዚያ?» አልከኝ። እውነቱን ልንገርህ፤ የሺዳ ውሸት አስጠላኝ፣ የአጎቴ መንደሪን አስጠላኝ፣ የአንተ ጥያቄ ግን ከሁለቱም ይበልጥ አስጠላኝ። ከአጎቴ ሌላ ነገር አልጠብቅም ነበር። ከአንተ ጠብቄ ነበር።

ትእዛዝህ በደረሰኝ በሁለተኛው ቀን ማስተር አላህ ዲታ እንደገና መጣና የሽንኩርት ነጋዴው ሐጂ ቡታ ትንሽ መኪናውን ሊሸጥ እንደሚፈልግ ነገረኝ። ከማስተሩና ከባለቤቱ ጋር ሄድን። ነጭ ናት፤ መስታወቷ በእጅ የሚሽከረከር፣ የኋላ በሯ ካልተደበደበ የማይከፈት። ስንት ትሰጣለች አልኩ። ሐጂ ቡታ ጢሙን አከከና «አሥራ አምስት። ባለቤቴ ከተሳፈረች አሥራ አራት» አለኝ። ወንድም ጋሼ፣ ልስመው ምንም አልቀረኝ! በዚህ አገር አሥራ አምስት ብሎ የሚናገር ሰው አለ ለካ! የቤንዚን ታንኩን እስከ አፉ ሞላሁ፣ ቸክ ደርሼ ተመለስኩ፣ እንደገና እስከ አፉ ሞላሁ፣ ኪሎ ሜትሩን ለሊትሩ አካፈልኩ። አሥራ ሰባት ሰጠች። ሐጂ አፍሮ «ሽንኩርት ስላልጫንሽ ነው» አለ።

ገዛኋት። የከፈልኩት ከደመወዜ የተጠራቀመውን ነው፤ አንተ የጨመርክበት አልተነካም፣ ቢልቂስ ጋ በአደራ ተቀምጧል። ለአጎቴ ሪያሳት ያስረከብኩት ነገር የለም፤ አላስረክብምም። መኪናዋ በስሜ ናት። ብትታጠብም ብትታጠንም የሽንኩርቱ ሽታ አለቀቃትም፤ ነርሷ አጠገቤ በቆመች ቁጥር «ዶክተር፣ ምሳ ይዘሽ መጣሽ?» ትለኛለች። አንድ ቀን ልሸጣት ብነሣ፣ ሴት ዶክተር የነዳቻት ናት ብዬ እውነቱን ብናገር ማንም አያምነኝም። እኔ ግን ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤቴ እየገባሁ ነው፤ ቃሌን ጠብቄያለሁ። የማስተሩን ልጅም መንገዴ ስለሆነ ኮሌጇ ደጃፍ አወርዳታለሁ።

ሥራዬን አልለቅም። ይህን በስልክ ብነግርህ ትጮህ ነበር፤ አሁንም ወረቀቱ ላይ ጩህ፣ መብትህ ነው። ታላቄ ነህ፣ ያሳደግኸኝ አንተ ነህ፤ የትምህርት ቤት ክፍያዬን ለመክፈል በሶሃር የሐምሌ ፀሐይ ብረት ላይ መውጣትህን አልረሳሁም። ስለዚህ ነው ዝም ብዬ ያላለፍኩህ። ሌላው ቢንቀኝ ግድ የለኝም፤ አንተ ብትንቀኝ ግን ያመኛል። ለኢድ ስትመጣ ከሙልታን አውሮፕላን ማረፊያ የምቀበልህ እኔ ነኝ፣ በሽንኩርቷ መኪና፣ ራሴ እየነዳሁ። አጎቴ ሪያሳትም ሰፊ መኪና ተከራይቶ እዚያው ደጃፍ መቆሙ አይቀርም። በየትኛዋ እንደምትሳፈር አንተ ታውቃለህ፤ እኔ ሻንጣህን አልነጥቅህም።

አብረውህ ለሚኖሩት ሁሉ ሰላምታዬን አቅርብልኝ፤ ጥርሱን ያመመው ጓደኛህ ጨው በሞቀ ውኃ ይጉመጥመጥ፣ ካልተሻለው ይነቀል። ቢልቂስ ሰላም ትልሃለች፤ ለምን እንደዘጋሃት ግን አልገባትም፤ ደውልላት፣ እሷ የደረሳትን ነው ያሳየችኝ፣ ጥፋት የለባትም። ሚሻል ጥርስ ሲበቅልላት እንደምትስምህ ነግራኛለች። እማዬ ትእዛዝህን ካደረሰችኝ ወዲህ ሳምንቱን ሙሉ ምስር ስትለቅም ሰነበተች። አሁን ደብዳቤውን ልዘጋ ስል ለሰርመድ የምትይው አለ ወይ አልኳት። ትሪውን ሳታስቀምጥ እንዲህ ጻፊለት አለችኝ፦ «ሰላም በይው፣ ልጄ ይናፍቀኛል። ኤርፖርት ከዘርቃ ጋር እመጣለሁ። የፊተኛው ወንበር የኔ ነው፤ እሱ ከኋላ ይቀመጥ።»

እህትህ
ዶክተር ዘርቃ
ባሃዋልፑር፣ እሑድ ማርች 10 ቀን 2019